ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስምንት

ሳህኗ የለችም።

እመት እርሾ የኢንኩቤተሩን በር ከፈተች፤ ዘጋች፤ እንደገና ከፈተች። ዐይን አንዳንዴ ይዋሻል ብላ ነው። ዐይኗ ግን አልዋሸም። ጀርም በሚበቅልበት በዚያ የሙቀት ሳጥን ውስጥ፣ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ፣ ትናንት በገዛ እጇ ያስቀመጠቻት ክብ የላስቲክ ሳህን ቦታዋ ባዶ ነው። ግራና ቀኟ ያሉት አልተነኩም። የሽንቱም፣ የቁስሉም፣ የአክታውም ሳህን እንደ ትናንቱ ተሰልፏል። የጠፋችው አንዲት ብቻ ናት፤ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት።

የልብስ ሰፊዋ ሳህን።

ልብስ ሰፊዋ ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ አልጋ አራት ላይ ተኝታለች። አንጀቷ በቀዶ ሕክምና ተቆርጦ ከተቀጠለ አሥራ አራተኛ ቀኗ ነው። ስድስት ቀን ሙሉ ትኩሳቷ አልወርድ ብሏል። ሦስት ዓይነት አንቲባዮቲክ ተሰጣት፤ ትኩሳቱ ከቁብ አልቆጠራቸውም። ትናንት ከሰዓት በኋላ ደሟ በተዘራባት ሳህን ላይ የክብሪት ራስ የማያክሉ ነጫጭ ነጥቦች ብቅ አሉ። እመት እርሾ ከአንዷ ቆንጥራ ማይክሮስኮፕ ሥር አየቻት። ሞላላ ናት፤ ከጎኗ ትንሽ ልጅ ታበቅላለች። እርሾ። ሰው ደም ውስጥ ምንም ጉዳይ የሌለው የፈንገስ ዘር።

የእመት እርሾ እውነተኛ ስሟ ይህ አይደለም። ላቦራቶሪው ውስጥ ሌላው ሁሉ ባክቴሪያ ሲያሳድድ እሷ አሥራ አንድ ዓመት ፈንገስ ስታሳድድ ያዩ ባልደረቦቿ ያወጡላት ነው። መጀመሪያ ተናደደች፤ ኋላ ለመደችው፤ አሁን ሌላ ሰው ቢወስድባት ታኮርፋለች።

ከስድስት ሳምንት ወዲህ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ሦስት ሰው ወጥቷል፤ በእግሩ ግን አይደለም። መጀመሪያ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፣ ቀጥሎ የሁለት ልጆች እናት፣ ከዚያ የከባድ መኪና ሾፌር። አሟሟታቸው አንድ ነው። ትኩሳት፣ የግፊት መውረድ፣ የኩላሊት ማቆም። የሦስቱም ወረቀት ላይ "የባክቴሪያ ኢንፌክሽን" ተብሎ ተጻፈ። እመት እርሾ ግን ከመምህሩም ከእናትየዋም ደም እርሾ አግኝታ ነበር። የክፍሉ ዋና ሐኪም ሁለቱንም ጊዜ ወረቀቷን አየት አድርጎ "ቆሻሻ ገብቶበት ነው" ብሎ መለሰላት። የሾፌሩ ደም ደግሞ ላቦራቶሪ ሳይደርስ ሞት ቀደመው።

"ቆሻሻ" የሚሏት ነገር ደሟን ታፈላዋለች። መርፌው ሲወጋ ከቆዳ ላይ የሚገባ ባክቴሪያ ቆሻሻ ሊባል ይችላል። ደም ውስጥ የተገኘ እርሾ ግን መቼም ቆሻሻ አይባልም። ይህንን በስብሰባ ላይ ተነሥታ ተናገረች። የተመለሰላት ሁለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው፤ "ባልተረጋገጠ ውጤት ባልደረቦችን በማሸበር" ይላል። ሦስተኛው መሰናበቻ ይሆናል። ሁለቱን ደብዳቤዎች ከማይክሮስኮፑ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፋቸዋለች፤ ለጌጥ።

"ምን ጠፋብሽ?" አለ ቶሎ ቶሎ፣ የላቦራቶሪ ባልደረባዋ፣ ጓንቱን እየጎተተ። እሱም ቅጽል ስሙን ያገኘው በሥራው ነው።

"አራት መቶ አሥራ ሁለት።"

"ሌላ ቦታ አስቀምጠሻት ይሆናል።"

"እኔ ቦርሳዬን ሌላ ቦታ እረሳለሁ። ሳህን አልረሳም። የደሙ ጠርሙስ የት አለ?"

"ቀቀልኩታ። ያበቀለ ጠርሙስ ጀርሙ እንዲሞት በማግስቱ ጧት ይቀቀላል፤ ሕጉ ነው።"

"ትናንት ያየሁበት የመስታወት ስላይድስ?"

"ታጥቧል። ስላይድ አልቆብን አይደል እንዴ እያጠብን የምንጠቀመው?"

እመት እርሾ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። እንግዲህ ስላይድ የለም፣ ጠርሙስ የለም፣ ሳህን የለም። ትናንት ያየችውን እሷ ብቻ አይታዋለች። ያቺ ሳህን ሁለት ነገር ልትነግራት ነበር፤ እርሾው ከየትኛው ዘር እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው። አዲስ ደም ተቀድቶ እንደገና እስኪበቅል ሦስት ቀን ይፈጃል።

ቶሎ ቶሎ ወደ በሩ በአገጩ አመለከተ። "ማታ የሚያጸዱት አባባ ናቸው። ጠርገው ጥለዋት ይሆናል። ለዳይሬክተሩ ንገሪና ይጠየቁ።"

"ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል" አለች። "ቆይ።"

የኢንኩቤተሩ በር ላይ የተለጠፈውን የሙቀት መቆጣጠሪያ ወረቀት ያየችው ያኔ ነው። በሩን የከፈተ ሁሉ ሰዓቱን፣ ሙቀቱን ይጽፋል፤ ይፈርማል። የመጨረሻው መስመር የእሷ አይደለም። "ማታ 1:30" ይላል። "36.8" ይላል፤ ስምንቷ ከሁለት ትናንሽ ክቦች የተሠራች ናት። የፊርማው ቦታ ባዶ ነው።

ሌባ መዝገብ ይሞላል እንዴ?

"ይህን አንተ ነህ የጻፍከው?"

ቶሎ ቶሎ ጎንበስ ብሎ አየ። "እኔ መቼ ነጥብ ጽፌ አውቃለሁ? 37 ነው የምጽፈው። ሁላችንም 37 ነው የምንጽፈው። ይህ ማሽን ከኔ በዕድሜ ይበልጣል፤ ነጥቡን ማን ያይለታል?"

እውነቱን ነው። ውስጥ የተሰቀለችው የሙቀት መለኪያ የፀጉር ያህል ቀጫጭን መስመሮች አሏት። ላቦራቶሪው ውስጥ እስከነዚያ መስመሮች ወርዶ የሚያነብ ሰው የለም።

አባባን ኮሪደር ላይ መወልወያቸውን ሲጨምቁ አገኘቻቸው። ከእሷ ቀድሞ ቶሎ ቶሎ ወሬውን አድርሶላቸዋል።

"ልጄ፣ ጥለዋል ተብያለሁ" አሉ። "አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። እኔ ያንን በር ነክቼ አላውቅም። ውስጡ የሚበቅለው በሽታ ነው ያልሽኝ ራስሽ አይደለሽም? በሽታ ሳልጠራው ይመጣልኛል፤ ሄጄ በር አልከፍትለትም።"

"አምናለሁ አባባ። ትናንት ማታ ላቦራቶሪ የገባ ሰው አለ?"

"ቶሎ ቶሎ በአሥራ አንድ ተኩል እንደ ነፋስ ወጣ። እኔ እስከ ሁለት ሰዓት ቁልፉን ይዤ እዚሁ ነበርኩ። ማንም እንግዳ አልገባም።"

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። እመት እርሾ መወልወያው አጠገብ ቆማ ከሥሩ ጀመረች። ሳህኗ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው፤ ስምም አልጋም የለውም። ከሃያ ሳህን መካከል አንዷን ለይቶ ለማንሣት ቁጥሩ የማን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ቁጥሩና ስሙ አንድ ላይ የሚገኙት ሁለት ቦታ ነው፤ ላቦራቶሪው መዝገብ ላይና ጽኑ ሕሙማን ክፍል በተቀመጠው የደም መላኪያ ወረቀት ላይ። ትናንት ደግሞ እዚያ ክፍል ገብታ፣ ጠረጴዛው ዘንድ ቆማ፣ "የአልጋ አራት ደም እርሾ አብቅሏል፤ ነገ ዘሩን እለያለሁ፤ ከዚያ በየት በኩል እንደሚገባ እፈልገዋለሁ" ብላለች። ሲሰሟት የነበሩት ሦስት ናቸው። አብሯት የሄደው ቶሎ ቶሎ። ዋናው ሐኪም። እትዬ።

ቶሎ ቶሎ በአሥራ አንድ ተኩል ወጥቷል። የቀረው ዋናው ሐኪም ነው ብላ ሄደች። እትዬን፣ የክፍሉን አንጋፋ ነርስ፣ ከቁጥር አላስገባቻቸውም።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ የልብስ ሰፊዋ ወንድም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ብረት በያጅ ነው፤ እጁ ላይ የብየዳ ጠባሳ አለ። የእህቱን ስልክ ይዟል። ስልኩ ጮኸ።

"አቤት... አዎ የሷ ስልክ ነው... ቀሚሱ ነገ ይደርሳል። ነገ።" ዘጋው። እመት እርሾን አይቶ ሊስቅ ሞከረ። "ደንበኞቿ ናቸው እህቴ። እሷ ለሰው ሁሉ 'ነገ' ስትል ነው የኖረችው። እኔም ሌላ መልስ አጣሁ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ትናንት ምክንያቱን አገኘሁ ብለሽኝ ነበር።"

"አግኝቼዋለሁ።"

"እንግዲያው መድኃኒቱ ለምን አልተጀመረም?"

እመት እርሾ የበሩን እጀታ ያዘች። "ልጠይቅ ነው የምገባው" አለችው።

ዋናው ሐኪም ቁመቱ ረጅም፣ ትሕትናው አጭር ነው። አልጋ አራት አጠገብ ቆሞ የግፊት መለኪያውን ያያል። ልብስ ሰፊዋ ዐይኗን ጨፍናለች፤ ከንፈሯ ደርቋል። የቀኝ እጇ አመልካች ጣት ጫፍ ላይ የዓመታት የመርፌ ውጋት ያጠነከረው ቆዳ አለ።

"ዶክተር፣ ትናንት ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበሩ?"

"ምን አልሽ?"

"ሳህኗ ተሰርቃለች። እርሾ አብቅላለች ስል የሰማችሁኝ ሦስት ናችሁ።"

"እና እኔ ሳህን ልሰርቅ?"

"ሁለት ጊዜ ቆሻሻ ነው ያሉት እርስዎ ነዎት። ይህቺ ሳህን እውነት ከሆነች የፊተኞቹም እውነት ነበሩ ማለት ነው።"

ሐኪሙ ፊቱ ተለዋወጠ። ይቆጣል ብላ ስትጠብቀው የአልጋ አራትን ፋይል ከፍቶ ዘረጋላት። "አንብቢ። ግፊቷ ወርዶ ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ከዚህ አልጋ አልተነቃነቅኩም። በየሩብ ሰዓቱ ፊርማዬ አለ።"

አለ። አንድ ሰዓት ተኩልም ላይ አለ።

"ስሚ" አለ ሐኪሙ፤ ድምፁ ደክሟል። "ትናንት ከተናገርሽ ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ግን ጠንካራው የፈንገስ መድኃኒት ኩላሊት ይበላል፤ የሷ ኩላሊት ደግሞ አፋፍ ላይ ነው። ቀላሉ መድኃኒት ኩላሊት አይነካም፤ የማይሠራበት ዘር ከሆነ ግን ጊዜዋን በላሁባት ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ ንገሪኝ፤ በዚያች ደቂቃ እጀምራለሁ። በሰው ኩላሊት ቁማር አልጫወትም።"

"አዲስ ደም ሦስት ቀን ይፈልጋል።"

"ሦስት ቀን የላትም" አለ።

ሄደ። ፋይሉ እጇ ላይ ቀረ። እመት እርሾ ከመዝገብ ክፍሉ የሦስቱን ሟቾች ፋይል አስወጥታ አራቱን ጎን ለጎን ደረደረች። መምህሩ በሳንባ፣ እናትየዋ በቃጠሎ፣ ሾፌሩ በመኪና አደጋ ነው የገቡት። ምን ያገናኛቸዋል? ሐኪማቸው አንድ ነው፤ ግን ያው ሐኪም ያከማቸው ሌሎች ሃያ ሰዎች ድነው ወጥተዋል። አልጋቸው የተለያየ ነው። አንቲባዮቲካቸውም የተለያየ ነው።

ሦስተኛው ገጽ ላይ አገኘችው። አራቱም አንጀታቸው ምግብ አልቀበል ብሎ በደም ሥር የሚመገቡ ነበሩ፤ ወተት በመሰለው ነጭ የስብ ፈሳሽ። ሌሎቹ ሃያዎቹ በአፍንጫ ቱቦ ነው የተመገቡት። የፈሳሹ መስመር ጎን ደግሞ በአራቱም ፋይል ላይ፣ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ፣ አንዲት ቃል በመጠኗ አነስ ብላ ተጽፋለች። "ቀሪ"።

ከአንድ ሕመምተኛ የተረፈ ፈሳሽ፣ ለሌላ ሕመምተኛ።

ያው እጅ ከዚያው ሥር የትኩሳቱን መጠን መዝግቧል። 39.4። 38.8። 39.1። ሁሉም ነጥብ አለው። ዕድሜ ልኩን የሰው ትኩሳት ሲለካ የኖረ ሰው ነጥቧን አይዘልም። የ38.8ቱ ሁለት ስምንቶች እያንዳንዳቸው ከሁለት ትናንሽ ክቦች የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ ባንዱ ላይ ተቀምጧል።

እመት እርሾ ፋይሉን ዘጋችው። ይህን የእጅ ጽሑፍ ታውቀዋለች፤ ተማሪ ሳለች የመጀመሪያዋን የደም አቀዳድ ትምህርት በዚሁ ጽሑፍ ነው የተማረችው።

ወደ ኮሪደሩ ተመለሰች። "አባባ፣ እንግዳ አልገባም አሉኝ። እንግዳ ያልሆነስ?"

"እትዬ ብቻ ናቸዋ" አሉ አባባ እየገረማቸው። "ውጤት ልይ ብለው ቁልፍ ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው። እሳቸውን ደግሞ ማን ይጠይቃል?"

ማንም አይጠይቅም። እትዬ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ዋና ነርስ ናቸው፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርተዋል። ዳይሬክተሩ ራሱ እትዬ ነው የሚላቸው። መርፌ ቀቅለው የወጉበትን፣ ጓንት አጥበው ያሰጡበትን፣ አንዱን ፋሻ ለሦስት የቆረጡበትን ዘመን አሳልፈዋል። ሕመምተኛ ሲሞት የማያለቅሱ ይመስላል፤ ከዚያ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብተው ዐይናቸው ቀልቶ ይወጣሉ።

እዚያው አገኘቻቸው። አንሶላ ያጥፋሉ።

"እትዬ፣ ትናንት ማታ ላቦራቶሪ መጥተው ነበር?"

"ምን ልሠራ?"

"ሙቀት ሊለኩ። 36.8።"

እጃቸው አንሶላው ላይ ቆመ። "ጻፍኩት እንዴ?" አሉ። ሲጠይቁ ከልባቸው ነበር፤ አላወቁትም።

"ጽፈውታል። አልፈረሙም እንጂ።"

እትዬ አንሶላውን ጨርሰው አጠፉ፤ ማዕዘኑን ከማዕዘኑ አገናኙ። ከዚያ የአንሶላው ቁልል ላይ ተቀመጡ።

"ያ ነጭ ፈሳሽ በጠፋበት ዘመን ሰው በረሃብ አልጋው ላይ ሲያልቅ አይቻለሁ" አሉ። "አሁንም ሁልጊዜ አይገኝም። አንዱ ጠርሙስ ለሁለት ሰው ይበቃል። አንዱ ግማሹን ከወሰደ ሌላውን ግማሽ ልድፋው? እጄ እምቢ አለኝ። በፕላስተር እያሸግኩ ፍሪጅ አስቀመጥኩ። ሌላው ሲፈልግ ሰጠሁ። ምንም አልደበቅኩም፤ ቀሪ ብዬ ጽፌዋለሁ።"

"አንዴ ከተከፈተ እርሾ ይገባበታል እትዬ። ፍሪጅ አይገድለውም። ስብና ስኳር አግኝቶ ሲሰቀል ደግሞ ሌላ ምን ይፈልጋል?"

"አሁን አወቅኩ። ትናንት 'በየት በኩል እንደሚገባ እፈልገዋለሁ' ስትይ፣ እዚያው ቆሜ፣ መጣልኝ። መምህሩ። እናትየዋ። ሾፌሩ። ሦስቱን ማን እንደገደላቸው ከአፍሽ ሰማሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሰው ያተረፈች የምባል ሰው ነኝ። ሳህኗ ከሌለች ነገሩም የሌለ መሰለኝ።"

እመት እርሾ እኚህን ሴት ትወዳቸዋለች። እጃቸውን መያዝ ፈለገች። አልያዘችም።

"ሦስቱን ሳያውቁ ነው" አለቻቸው። "አራተኛዋን ግን እያወቁ ነው። በር ላይ ወንድሟ ስልኳን ይዞ 'ነገ' እያለ ይመልስላታል። ያቺን ነገ ነው የወሰዱባት። ሳህኗ የት አለች?"

እትዬ ከአንሶላው ቁልል ላይ ተነሡ። ከዚያ ከጋውናቸው ኪስ ትንሽ ቁልፍ አወጡ።

ቁም ሳጥናቸው ውስጥ የመለወጫ ጫማ፣ የተጠቀለለ ፋሻ፣ የአፉ ፕላስተር ያልተነሣ፣ ግማሹ ነጭ ፈሳሽ የቀረበት ጠርሙስ አለ። ከጠርሙሱ ጀርባ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለች ክብ ነገር። እመት እርሾ ፈታቻት። አራት መቶ አሥራ ሁለት። ነጥቦቹ ከትናንቱ ወፍረዋል።

"ልጥላት ሦስት ጊዜ ቆሻሻው በርሜል ዘንድ ሄድኩ" አሉ እትዬ። "ምንም ነገር ጥዬ አላውቅም።"

እመት እርሾ ሳህኗንና ጠርሙሱን ይዛ በኮሪደሩ አልሄደችም፤ ሮጠች። ከነጥቦቹ አንዷን ከሰው ደም በተለየ ቢጫ ውሃ ውስጥ ነክራ ሦስት ሰዓት ሙቀት ላይ አቆየቻት። የእርሾ ወገን ብዙ ነው፤ አንዳንዱ በቀላሉ መድኃኒት ይሞታል፣ አንዳንዱ ኩላሊት የሚበላውን ካላገኘ አይሞትም፤ የተለመደው ዘር በሦስት ሰዓት ጅራት ያወጣል። ይህቺ አላወጣችም። ከጠርሙሱ ጠብታ ወስዳ አየች። እዚያም ያቺው ሞላላ ሕዋስ አለች፤ ልጇን ከጎኗ አንጠልጥላለች። ስብ የምትወድ፣ የደም ሥር ቱቦ ላስቲክ ላይ ተጣብቃ ቤት የምትሠራ ዘር ናት። ብዙውን ጊዜ በቀላሉ መድኃኒት ትሞታለች።

"ብዙውን ጊዜ?" አለ ዋናው ሐኪም።

"ቀላሉን መድኃኒት የጠጣ ክብ ወረቀት እርሾው በተዘራበት ሳህን ላይ አድርጌያለሁ። ነገ ጧት በእርግጠኝነት እነግርዎታለሁ። እስከዚያ ቀላሉን ይጀምሩ። ቱቦውንም ያውጡት፤ ቤቷ እሱ ነው።"

ሐኪሙ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ግድግዳው ላይ ያሉትን ሁለት ደብዳቤዎች አየ። ፈጥኖ ወጣ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ቱቦው ወጥቶ መድኃኒቱ ገባ።

በማግስቱ ጧት በክቡ ወረቀት ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ሰፊ ጥርት ያለ ቀለበት ታየ። መድኃኒቱ ይሠራል። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ 37.9 ሆነ። በአምስተኛው ቀን ስልኩ ሲጮህ ልብስ ሰፊዋ እጇን ዘረጋች፤ ወንድሟ ጆሮዋ ላይ ያዘላት።

"ነገ" አለች በሰለለ ድምፅ። ወንድምየው ግድግዳውን ተደግፎ ተንሰቀሰቀ።

ዳይሬክተሩ እመት እርሾን የጠራት በዚያው ቀን ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ደብዳቤ ተዘጋጅቷል። ሦስተኛው።

"ሕመምተኛዋ እየዳነች ነው" አለ። "እትዬ በጡረታ ይሸኛሉ። የሦስቱ ወረቀት ተዘግቷል። ቤተሰቦቻቸው አልቅሰው ወጥቶላቸዋል። አሁን ቁስል መነካካት ማንን ይጠቅማል? ልትልኪ ያሰብሽውን ሪፖርት ከተውሽ ይህቺን ደብዳቤ እቀዳታለሁ።"

"አይቅደዷት" አለች። "ይፈርሙባትና ይስጡኝ፤ ግድግዳዬ ላይ ቦታ አላት። ሪፖርቱ ዛሬ ጧት ለጤና ቢሮና ለፖሊስ ደርሷል። ለሦስቱ ቤተሰቦችም በእጄ ሰጥቻለሁ። የመምህሩ ባለቤት ምን አለችኝ መሰለዎት? 'እኔ እጄን ሳልታጠብ ነክቼው ይሆን እያልኩ ስድስት ሳምንት አልተኛሁም' አለችኝ። ወጥቶላቸዋል ያሉት ይህንን ነው?"

"ማን ፈቀደልሽ?"

"ሳይፈቀድልኝ ነው።"

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ዋናው ሐኪም ነው። ከእሷ ጎን ቆመና ያጠፈውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረ። "ሁለቱን ውጤቶች ቆሻሻ ያልኳቸው እኔ ነኝ" አለ። "የሾፌሩንና የልብስ ሰፊዋን ጊዜ ያባከንኩት እኔ ነኝ። ሪፖርቷ ላይ የኔን ጥፋት አልጻፈችም፤ ራሴ ጽፌዋለሁ። እሷን የሚያሰናብቷት ከሆነ ሁለት ደብዳቤ ያዘጋጁ።"

ዳይሬክተሩ ደብዳቤውን አልፈረመበትም፤ አልቀደደውምም። መሳቢያው ውስጥ ከተተው። እስከ ዛሬም እዚያ ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ላቦራቶሪ መጡ። ነጩ ጋውን አልለበሱም፤ ያለ ጋውን እመት እርሾ አይታቸው አታውቅም፤ አጭር መሰሏት። አባባ መወልወያቸውን ይዘው ከበሩ ገለል አሉላቸው።

"ፖሊስ ነገ ጧት ቃሌን ይቀበላል" አሉ። "ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልጨርስ ብዬ ነው።"

ወደ ኢንኩቤተሩ ሄዱ። ወረቀቱን በጣታቸው ተከትለው 36.8 ዘንድ ደረሱ። እስክሪብቶ ጠየቁ። እመት እርሾ የራሷን ሰጠቻቸው።

"በሠላሳ አራት ዓመት ሳልፈርም ያለፍኳት መስመር ይህቺ ብቻ ናት" አሉ። ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ቀስ ብለው፣ ጥርት አድርገው ጻፉ። ፈረሙ። እስክሪብቶውን መልሰው ሰጧትና ደህና ሁኚ ሳይሉ ወጡ።

እመት እርሾ ብዙ ቆመች። አለቀሰች፤ በጋውኗ እጅጌ ጠረገችው። ከዚያ የኢንኩቤተሩን በር ከፈተች። ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ የልብስ ሰፊዋ ሁለተኛ ደም የተዘራባት ሳህን አለች። ወደ መስኮቱ ይዛት ሄዳ በብርሃን አየቻት። አንድም ነጥብ የለባትም።

መለሰቻት። የሙቀት መለኪያዋን እስከ ቀጫጭኗ መስመር ወርዳ አነበበች፤ ወረቀቱ ላይ 36.9 ብላ ጻፈችና ፈረመች።